«ዘይት ይበላል» ማለት ምርመራ አይደለም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ሐሙሲት ላይ አሮጌ ኮሮላ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ባለቤቱ «ዘይት ይበላል» ይላል። መካኒኩም «ዘይት ይበላል» ይላል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ አንድ ሊትር ይጨመራል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

«ዘይት ይበላል» የሕመም ምልክት እንጂ የሕመም ስም አይደለም። ከሞተሩ ሥር ጠብታ ካለ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። አድሮ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ጭሶ የሚተው ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ ይጠረጠራል። በጉዞ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጨስ ከሆነ ደግሞ ፋሻው አልቋል ወይም በካርቦን ተጣብቋል። የአንዱና የሌላው ጥገና ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሳይለዩ «ሞተር ይውረድ» ማለትም ሆነ ሳይለዩ ወፍራም ዘይት መሙላት ሁለቱም በሰው ገንዘብ ቁማር መጫወት ነው።

ጥፋቱ የእርጅና ብቻም አይደለም። 2ኤዜድ የተባለው የቶዮታ 2.4 ሊትር ሞተር ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ችግር ዘይት ይበላ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ለካምሪና ለሌሎች ሞዴሎች ዋስትና አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ በነፃ ቀይሯል። መለኪያውም ግልጽ ነበር፦ በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ዘይት የጎደለው ሞተር ይጠገናል። እዚያ ተለክቶ መብት የሆነው ነገር እዚህ «ዕድል ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ነገሩ ከጋራዥ አልፎ የፖሊሲ ጉዳይ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንደማይገባ አስታወቀ። ዓላማው መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለው የወረዳ መምህርና ነጋዴ ባለው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። የወደቡን በር የዘጋ መንግሥት መንገድ ላይ ላሉት ምን አዘጋጀላቸው?

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ፍሬንና መብራት አይቶ ሰማያዊ ጭስ የሚያልፍ ከሆነ ቦሎው ጌጥ ነው። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ለአንድ ሳምንት አፍኖ መኪና የሚሸጥ ደላላም «ጎበዝ ነጋዴ» ሊባል አይገባም፤ አታላይ ነው። ጋራዡም ሞተር ከማውረዱ በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ።

ባለ መኪናውም ድርሻ አለው። ዘይት በቀየረ ዕለት ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፣ በየሳምንቱ መለኪያውን ይይ፣ የጨመረውን ይመዝግብ። ያ ወረቀት በመካኒክም በሻጭም ፊት ጠበቃው ነው። ዘይቱ ሳያውቀው አልቆ ሞተሩ የነከሰ ዕለት ግን የሚከፍለው የቤተሰቡን ጥሪት ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።