ነውር የሚነገርበት መድረክ

ባለፈው ዓመት አንድ ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ጎትጉቶ የልጆቻቸውን የቴአትርና የዳንስ ፌስቲቫል እንዳይ ወሰደኝ። የሄድኩት ሳሪና ከበሮ አያለሁ ብዬ ነበር። ከመድረኩ ላይ ያገኘሁት ግን አንዲት ወጣት ለብቻዋ ቆማ፣ አባቷ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ቤት ሲገባ ንዴቱን በማን ላይ እንደሚወጣ ስትናገር ነው። ከኋላዬ የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሥተው ወጡ። ሌላው ሰው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማት።

እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ራሳችን ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ የእንቁጣጣሽ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች አንዲት ልጅ ስለ እናቷ የሌሊት ጽዳት ሥራ የጻፈችውን አጭር ቴአትር ይዛልን መጣች። “ልጄ፣ ይሄ እኮ ገበና ነው፤ በበዓል ቀን እንዴት ይሆናል?” አልናት። በምትኩ እስክስታ እንድትወርድ ጠየቅናት። አመስግና ሄደች፤ በዓመቱ አልተመለሰችም። አይሆንም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ የተሰደዱት ወገኖች በዚህ ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ተፈትነዋል። ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 “ሰላም ቶሮንቶ” ተብሎ የተጀመረውን ዝግጅት እንውሰድ። ኋላ “ዴሽ ፓርዴሽ” ተባለ፤ አገር ቤትና ባዕድ አገር እንደ ማለት ነው። የጀመሩት የተከበሩ ሽማግሌዎች ወይም ባለሀብቶች አልነበሩም። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆኑ የደቡብ እስያ ወንዶች ማኅበር ነበር። በነጮቹ ዘንድ በቀለማቸው፣ በወገኖቻቸው ዘንድ በማንነታቸው ምክንያት መድረክ ያጡ ሰዎች ነበሩ። እየቆየ ሌላ ቦታ ሰሚ ያጡ ጸሐፊዎች፣ ፊልም ሠሪዎችና ዳንሰኞች ሁሉ መጠጊያቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የገንዘብ ችግር ዘጋው። ሆኖም እዚያው አካባቢ የበቀለው ሳቫክ የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል ከፌስቲቫሉ በኋላም ሥራውን ቀጠለ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። ጉርፕሪት ካውር ባቲ እንግሊዝ አገር ተወልዳ ያደገች የሲክ እምነት ተከታይ ጸሐፊ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 “ቤዝቲ” የተባለ ቴአትሯ በርሚንግሃም ከተማ ታየ። ቤዝቲ በፑንጃቢ ቋንቋ ውርደት ማለት ነው። በቤተ አምልኮ ውስጥ ስለሚፈጸም አስገድዶ መድፈር የሚያወሳ ነበርና የገዛ ወገኖቿ በቁጣ ሰልፍ ወጡ፤ መስኮት ተሰበረ፤ ቴአትሩ ከመድረክ ወረደ። እርሷም የግድያ ዛቻ ስለደረሰባት ለመደበቅ ተገደደች። ይሁንና ብዕሯን አልጣለችም። በ2014 “ካንዳን” የተባለ ሌላ ሥራዋ በዚያው በበርሚንግሃሙ ቴአትር ቤት ቀረበ።

የተቆጡትን ሰዎች ፍርሃት እረዳዋለሁ። ስደተኛ ሁልጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ ነው። ጎረቤቱ በክፉ በሚያየው አገር የራሱ ልጅ ነውሩን አደባባይ ስታወጣ ለጠላት ዱላ ያቀበለች ይመስለዋል። ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። ደግሞስ እኛ ዝም ብንል ልጆቻችን ዝም ይላሉ? ታሪኩን ሌላ አዳራሽ ውስጥ ይናገሩታል። ልዩነቱ የዚያን ጊዜ እኛ እዚያ አለመኖራችን ነው።

እኛም የምንገናኝበት አላጣንም። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ወገንን አሰባስቧል። ኳሱ አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ጥብሱና ቡናው አለ። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ የመጀመሪያ ድርሰቷን የምታሳይበት መድረክ ግን የት አለ? ወይኒ መንገሻን እናስብ። አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው፤ እርሷ የተወለደችው ካናዳ ነው። የአንድ ኮሪያዊ ስደተኛ ሱቅ የሚታይበትን “የኪም ሱቅ” የተባለ ቴአትር በ2012 ቶሮንቶ በሚገኘው ሶልፔፐር አዘጋጀች፤ በ2018 ደግሞ ይህንኑ ቴአትር ቤት በጥበብ ዳይሬክተርነት እንድትመራ ተሾመች። ስሟን በኩራት እንጠራለን። ነገር ግን እንደ እርሷ ያለች ልጅ ገና ጀማሪ ሳለች ወደ እኛ ኮሚቴ ብትመጣ ምን እንላት ነበር? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ብዬዋለሁና።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። ከበዓሎቻችን አንዷን ምሽት ለእነርሱ እንተው። ጽሑፉን አስቀድመን አንመርምር። ቋንቋው አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ አንጨቃጨቅ። ለደከሙበት ትንሽም ቢሆን እንክፈል፤ ወጪውንም ከኪሳችን እናዋጣ፤ የዴሽ ፓርዴሽ መጨረሻ የሚያስተምረን ይህንን ጭምር ነውና።

የዚያችን ልጅ እናት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ። በቀደም ቴአትሩ እስካሁን እንዳለ ልጅቷን እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። “እንዲያው ስለ እኔ ነበር እንዴ የጻፈችው?” አለችኝ። ለካስ አልሰማችም ነበር።