ሐሳብ ለወንድ ብቻ የተሰጠ ነውን?

በየመኝታ ቤቱና በየምግብ አዳራሹ ወንድሞቻችን የሚደጋግሙት አባባል አለ፤ «ወንድ በየ7 ሰከንዱ ስለ ፍትወት ያስባል፤ ሴት ግን ተፈጥሮዋ ጭምት ነው» ይላሉ። እኅታችን በግቢው መንገድ እጇን ተይዛ፣ የብልግና ቃል ተወርውሮባት ስታማርርም መልሱ ይኸው ነው፤ «ምን ይደረግ፣ የወንድ ነገር!» ይባላል። እኛ ግን የተማረ ሰው ከመፍረዱ በፊት ሊቆጥር ይገባዋል እንላለን።

እንግዲያው እንቁጠር። በቀን 16 ሰዓት ነቅቶ የሚውል ሰው በየ7 ሰከንዱ ቢያስብ፣ በቀን ከ8,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ፈተና ማለፉ ቀርቶ መንገድ መሻገር ይችላልን? በአሜሪካ አገር ቴሪ ፊሸርና ባልደረቦቿ የኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው፣ ስለ ፍትወት፣ ስለ ምግብ ወይም ስለ እንቅልፍ ባሰቡ ቁጥር በእጅ መቁጠሪያ እንዲመዘግቡ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው በዚህ ጥናት መካከለኛው የወንዶች ቁጥር በቀን 19 ገደማ፣ የሴቶቹ 10 ገደማ ሆነ። ወንዶቹ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍም ከሴቶቹ ይበልጥ አስበዋል! ከዚህም በላይ የሐሳቡን ብዛት አስቀድሞ የሚጠቁመው ከጾታው ይልቅ ሰውዬው ስለ ፍትወት ሳያፍር ለማሰብ ያለው ዝንባሌ ሆኖ ተገኘ።

ልዩነት የለም አንልም። ነገር ግን ከልዩነቱ ስንቱ የተፈጥሮ፣ ስንቱ የፍርሃት ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 ይህችው ፊሸር ከሚሼል አሌክሳንደር ጋር ሌላ ጥናት አወጣች። ተማሪዎቹ ስለ ፍትወት ኑሮአቸው ሲጠየቁ፣ መልሳቸውን ሌላ ሰው ሊያይባቸው እንደሚችል ሲያስቡ የወንዱና የሴቷ ልዩነት ሰፋ፤ ውሸት ያጋልጣል ከተባለ መሣሪያ ጋር ሲያያዙ ግን ጠበበ። መሣሪያው ግን በእውነቱ የማይሠራ ነበር!

በእኛስ አገር? ወንዱ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ይሳቅለታል፤ ሴቲቱ አፏን ብትከፍት «ባለጌ» ትባላለች። አፏን በይሉኝታ ለጉመን ስናበቃ ዝምታዋን ተፈጥሮዋ ነው ብለን እንመሰክርባታለን። ይህ ዕውቀት አይደለም፤ ባላጋራን አፉን አፍኖ እንደመርታት ያለ ነው።

ወንድሞች ሆይ፤ በቀን 19 ጊዜ ያሰበም 10 ጊዜ ያሰበችም ሰው ናቸው። የሐሳብ ብዛት የማንንም እጅ አላስገደደም፤ ስለ ምግብ የሚያስብ ሁሉ የጎረቤቱን እንጀራ አይነጥቅምና። መምህሮቻችንም ይህን ጉዳይ በአፍረት ከማለፍ በክፍል ውስጥ በግልጽ እንዲያስተምሩን እንጠይቃለን። ሐሳብ ነጻ ነው፤ እጅና አንደበት ግን ተጠያቂዎች ናቸው!