ዱላችሁን ለእግራችሁ ተዉት!

ጎበዝ፣ በየሃይኪንግ ቡድኑ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ «ብልሃት» አለ፤ ሰው ሳይጎዳበት ብንነጋገርበት ይሻላል። ብልሃቱ እንዲህ ነው፦ ሀሞካችሁ (ያ በሁለት ዛፍ መካከል የሚንጠለጠለው የጨርቅ አልጋ) ሙዝ መስሎ እየታጠፈ ወገባችሁን ካስቸገራችሁ፣ ሁለቱን የሃይኪንግ ዱላዎቻችሁን አምጡና አንዱን በራስጌ፣ አንዱን በግርጌ አግድም ወጥሩበት። ጨርቁ ይዘረጋል፣ አልጋ ይመስላል፣ ፎቶውም ያምራል። ላይኩም ይዘንባል።

እኛ ግን አልተዋጠልንም።

«ዱላው ሌሊት ምን ሥራ አለው? ቀን ይደግፋል፣ ማታ ይወጥራል፤ አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሥራ!» ይሉናል። ለጆሮ ይጥማል። ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው እያንዳንዷ ግራም ዋጋ እንዳላት እኛም እናውቃለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን የሚያበላሽ ከሆነስ?

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሀሞክ ላይ ተኝቷል እንበል። ማሰሪያው ከዛፉ ወደ ታች በ30 ዲግሪ ከወረደ፣ በእያንዳንዱ ዛፍ በኩል የሚጎተተው በ70 ኪሎ ያህል ነው። ጠበቅ አድርገን ወደ 15 ዲግሪ ብናመጣውስ? 135 ኪሎ ይሆናል! ሰውየው አልወፈረም፤ ገመዱ ነው የጠበቀው። በዱላ የተወጠረ ሀሞክ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቆይ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚታሰረው። በዚያ ላይ ከዱላው ሁለት ጫፎች ተነስተው ማሰሪያው ላይ የሚገናኙት ገመዶች ዱላውን ከሁለቱም ወገን ወደ ውስጥ ይጫኑታል። ገመዶቹና ዱላው ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ቢሠሩ፣ በ15 ዲግሪው ሂሳብ ጫናው ወደ 39 ኪሎ ይደርሳል። ገመዶቹ ባጠሩ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

«ታዲያ ዱላው የሰው ክብደት መቻል አቃተው?» የሚል አይጠፋም። ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ሲጫን ይችላል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ገመዱ ከጫፉ ገባ ብሎ ከታሰረ ወይም ጨርቁ በጎን ከገፋው ግን ነገሩ ይለወጣል። አሉሚኒየም ከሆነ ይጎብጣል፤ ካርቦን ፋይበር ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እየተጠማዘዘ የሚቆለፈው ዓይነት ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሊንሸራተት ይችላል። ሹሉ የብረት ጫፍ ስስ የናይለን ጨርቅ ላይ የሚሠራውን አንናገርም።

«ድንኳንስ በዱላ ይቆም የለ?» ይቆማል። ድንኳን ላይ ያለው ዱላ የሚሸከመው ግን ሸራና ንፋስ ነው፤ ቢሰበር ሸራው ፊታችን ላይ ያርፋል። ሀሞክ የሚሸከመው እኛን ነው፤ ሲሰበር መሬት ላይ የምናርፈው እኛው ነን። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት እዚህ አይሠራም። እዚህ አንዱ ከተሰበረ ሌላው አያድንም።

ከሁሉ የሚብሰው መገልበጡ ነው። ያልተወጠረ ሀሞክ ሰውነታችንን ከረጢት ውስጥ እንደተቀመጠ ዕንቁላል ወደ ታች አውርዶ ይይዘዋል። ወጥረን ስናዘረጋው ዕንቁላሉን ትሪ ላይ አወጣነው ማለት ነው፤ ትሪው ደግሞ በገመድ ተንጠልጥሏል። እንቅልፋም ሰው ዞር ሲል፣ ትሪውም አብሮ ይዞራል። የጠፍር አልጋ ተወጥሮ የማይገለብጠን አራት እግር ስላለው ነው። ሀሞክ እግር የለውም።

አድልዎ እንዳይሆንብን አንድ ነገር እንመስክር። «ብሪጅ ሀሞክ» የሚባል አለ፤ ሁለቱ ጎኖቹ እንደ ተንጠልጣይ ድልድይ ጎበጥ ብለው በጠንካራ ጥብጣብ የተሰፉ፣ ከመጀመሪያውም በመወጠሪያ እንዲሠራ የታሰበ። ሠሪው «የሃይኪንግ ዱላ ይሆነዋል» ብሎ ከጻፈበት ጠብ የለንም። ጠባችን ተራውን ሀሞክ በግድ ወደዚያ ለመለወጥ ከሚታገሉት ጋር ነው።

የሚገርመው፣ የሚታገሉለት ነገር በነጻ የሚገኝ መሆኑ ነው። ሀሞክ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነባር ሕዝቦች ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሃማስ ሲደርስ እንደ መረብ የተሠራ የጥጥ አልጋቸውን አይቶ ጽፏል። ዛሬም በሜክሲኮ ዩካታን ሌሊቱን ሙሉ በሀሞክ የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው። መወጠሪያ እንጨት አያስገቡበትም። ላላ አድርገው ይሰቅሉታል፣ ሰያፍ ሆነው ይተኙበታል፤ አለቀ። ራስ ወደ አንድ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው ጎን ሲሆን ጨርቁ ራሱ ይዘረጋል፣ ወገብም ቀና ይላል። ለዚህ 3 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም ሀሞክ ያስፈልጋል፤ 30 ዲግሪውን ለመገመት ደግሞ መሣሪያ አያሻም። ሌባ ጣትን አግድም፣ አውራ ጣትን ሽቅብ ዘርግቶ ሽጉጥ ማስመሰል ይበቃል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው መስመር ወደዚያው ይጠጋል።

ነገሩን የምናከርረው ያለምክንያት አይደለም። ዱላው ነገ ጧት ቀጠሮ አለው፤ ቁልቁለት! ከወጨጫ ስንወርድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈውን ጫና የሚጋራን እሱ ነው። የሰሜን ተራሮችማ ከ3,600 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚበዛው ሣርና ጅብራ ነው፤ ጅብራ ደግሞ ሀሞክ አይሰቀልበትም፣ ተቆርጦም ምርኩዝ አይሆንም። ዱላ የሰበረ ሰው የሚደገፈው ጓደኛውን ነው። ተተኪው ዱላም እንደ ማስቲካ ከየሱቁ የሚገዛ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ደህናውን ያገኘነው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዛፉስ? በመናገሻ ሱባ ጽድ ላይ ያን ሁሉ ኪሎ በቀጭን ገመድ ብንስበው ልጡን እንደምንበላው ማንም አይጠፋውም። ላላ ያለ ሀሞክና ሰፊ ማሰሪያ ለዛፉም ምሕረት ነው።

ዱላው ሌሊት ሥራ ፈትቶ ካናደዳችሁ፣ የዝናብ ሸራችሁን ጠርዝ ከፍ አድርጎ እንዲይዝላችሁ አቁሙት። ያ አያጣላንም።

ሁለት ዱላና አንድ ጨርቅ ግን በአገራችን ከጥንትም ስም አለው፤ ቃሬዛ ይባላል። ቃሬዛ ላይ ደግሞ ወዶ የሚተኛ የለም።