ባዶ የንብረት ዝርዝር፦ ለቤተሰብ ጉዳይ ጠበቆችና ማመልከቻ ጸሐፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

በፍቺ የንብረት ክርክር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ወረቀት ከአቤቱታ ጋር የሚቀርበው የንብረት ዝርዝር ነው። ዳኛ ያልተጠየቀውን አያከፋፍልም፤ በደፈናው የተጠቀሰውን ቢያከፋፍልም አፈጻጸም ላይ ሲደረስ የሚያዝ ነገር ይጠፋል።

ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነው በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ አካባቢ አንድ ትዳር ሲፈርስ የቀረበ ዝርዝር ነው። ስለ ገንዘቡ የሚለው «በተለያዩ ባንኮች ያለ ተቀማጭ» ብቻ ነበር። የባንክ ስም የለውም፣ ቅርንጫፍ የለውም፣ ስቴትመንቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዲታይም አልተጠየቀበትም። ክፍፍሉ እስኪሰማ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ነበር። ሚስት እኩል እንድትካፈል ተፈረደላት፤ እጇ የገባው ግን የቤት ዕቃ ነው።

ባለሙያዎቹ ሕጉን ማወቃቸው አይካድም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እንዲወጣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሟል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ የነበረው ፍቺ ወደ ፍርድ ቤት የመጣው በዚህ ሕግ ነው። ያን ታሪክ የደብዳቤው ተቀባዮች ጠንቅቀው ያውቁታል። የዛሬው አሠራር ከማንም ይልቅ ያን ሕግ ሲጠብቁ የኖሩትን የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

አንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ማመልከቻዎች ይህን አንቀጽ ይጠቅሱና ሥራው ያለቀ ያህል ይቆማሉ። ግምቱ የሚጠቅመው ግን መኖሩ ለታወቀ ሀብት ነው። የተደበቀ ሒሳብን፣ በቴሌብር የሚዘዋወር የሱቅ ገንዘብን፣ አክሲዮንን፣ ገና ያልወጣ ዕቁብን አንቀጽ 63 ፈልጎ አያመጣም። ፈልጎ ማምጣት የጠበቃው ሥራ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የፍቺ የገንዘብ ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ ሁለቱም ወገኖች ፎርም ኢ የሚባለውን ቅጽ ይሞላሉ፤ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት ያያይዛሉ፤ የሞሉት እውነት ስለመሆኑም ይፈርማሉ። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለ ቅጽ አላስቀመጠም። ቅጹ ባለመኖሩ የባለሙያው ሸክም ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

መሣሪያውም አልጠፋም። አንቀጽ 82 የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። በዚያው ቀን ባንክ ስቴትመንት እንዲልክ፣ ቤቱና መኪናው እንዲታገዱ ማመልከት ይቻላል። ብዙዎቹ «መጀመሪያ ፍቺው ይወሰን፣ በንብረቱ ኋላ እንመጣበታለን» እያሉ ያሳድሩታል። በዚህ መሐል ሀብቱ ይሸሻል። ይህ ከሁሉም ጥፋት የከፋው ነው፤ የሚጎዳውም ወረቀቱ በእጁ ያልሆነውን ተጋቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚስትን ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይም ያው ነው። የ20/80 ቤት ከዋጋው 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው፤ የጋራ ዕዳ ደግሞ ከክፍፍል በፊት ይከፈላል። ዝርዝሩ ግን «አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት» ብሎ ያልፋል። ቅድመ ክፍያው ከጋብቻ በፊት ይሁን በኋላ፣ የቀረው ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ከተለያዩ ወዲህ ወርሃዊውን ማን እንደከፈለ አይነገርም። ክርክሩ የሚንዛዛው፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ የሚደራረበው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ከቤተሰብ ችሎትም ያልፋል። በሙያው ውስጥ አንቀጽ መጥቀስ እንደ ዕውቀት፣ ማስረጃ መሰብሰብ እንደ ተላላኪ ሥራ ይቆጠራል። በውርስም በንግድም ክርክር ባለጉዳይ ሰነዱን ራሱ እየዞረ እንዲለቅም ይተዋል።

ስለዚህ የንብረት ዝርዝሩ ከፍቺው አቤቱታ ጋር በአንድ ቀን ይዘጋጅ። እያንዳንዱ ሒሳብ ከነባንኩና ከነቅርንጫፉ፣ እያንዳንዱ ዕዳ ከነቀሪው ይጻፍ፤ ያልታወቀው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይጠየቅ። ይህን ሳይሠራ የጥብቅና ክፍያ የሚቀበል ባለሙያ ያልሠራበትን ገንዘብ ወስዷል።