ግራውንዳችን ነጠላ ጫማ ነው

ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህቺን ምክር ሳትሰሟት አልቀራችሁም። «ምጣዱ ከነዘራችሁ አብሽሩ! ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ጋግሩ።»

እኛ ሦስት ሴቶች ሆነን በተከራየንበት ግቢ ምክሯን የለገሱን አከራያችን ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ሳይጠሩን አይጠጡም። ክፋት አስበው አልነበረም። ሲነዝራቸው ኖረዋል፣ ጫማ አድርገው ኖረዋል፣ አልሞቱም። ስለዚህ መፍትሔው ጫማ ነው። እኛም እሺ ብለን ነጠላ ጫማችንን አጥልቀን ጋገርን። አንድ ቀን ግን ከመካከላችን አንዷ ጫማዋን አውልቃ ወለል ስትወለውል በእርጥብ እጇ የምጣዱን ጠርዝ ነካች። ከግድግዳው ጋር አጋጫት። ክርኗ ተላጠ፣ ጣቶቿ ለሁለት ቀን ደነዘዙ፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። «ተመስገን» አልን። ተመስገን ካልን በኋላ ግን ተናደድን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንዴት ልጅ ነው።

እንግዲህ አቋማችንን ሳንደብቅ እንናገር። የቤት ውስጥ የመብራት ዝርጋታ በተነሳ ቁጥር የሚሰበከው ስብከት አንድ ነው፤ «መብራት የባለሙያ ነው፣ እናንተ አትንኩ!» ስብከቱ ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን እንዳናይ፣ እንዳንጠይቅና እንዳንቆጣጠር የሚያደርገን ነው። የሚነዝረንም እሱ ያላየነውና ያልጠየቅነው ነው።

የኢንተርኔቱ ጀግኖች

እውነቱን ለመናገር የእኛ ትውልድ ሽቦ አይፈራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ የኬብል መስመር ያለው ጎረቤት ከሥጋ ዘመድ በላይ ሆኖ ነበር። ያኔ ነው እኛም ከአከራያችን ሳሎን ካለው ሞደም እስከ ክፍላችን ድረስ 40 ሜትር ያህል ኬብል በኮርኒስ አሳልፈን የዘረጋነው። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በተራ ደረደርን፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትን። በአራተኛው የሞደሟ መብራት ብልጭ አለች። የዚያን ቀን የነበረንን ኩራት ብታዩ፣ ጦሳን የገነባነው እኛ ነበር የምንመስለው።

ይሁንና የኢንተርኔት ገመድ ይቅር ባይ ነው። ብትሳሳቱ የምትከስሩት አንድ የፕላስቲክ ጫፍና ትንሽ ትዕግሥት ነው። 100 ሜትር ካላለፈና ሽቦው ደህና ከሆነ ይሠራል፤ ካልሠራ እንደገና ትቆርጣላችሁ። የመብራት ሽቦ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። አደገኛው ነገር ደግሞ የመጀመሪያው ድፍረት ወደ ሁለተኛው መሻገሩ ነው። እያፈርን እንናገር፤ እኛው ጀግኖቹ ያንን የኢንተርኔት ኬብል የከተትነው የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ነበር። የመብራቱ ሽቦ ልባሱ ቢላጥ 220 ቮልት በኢንተርኔት ገመድ ተሳፍሮ እስከ ላፕቶፓችን፣ ከላፕቶፓችን እስከ እጃችን ይመጣ ነበር። በኋላ ስናውቅ አውጥተን ለብቻው አሳለፍነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለካ ለሽቦም ነው።

ሦስተኛው ሽቦ የት ሄደ?

ከዚያ አደጋ በኋላ ዋናውን ማጥፊያ አወረድን፣ ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞከርን፣ ቀጥሎ የምጣዱን ሶኬት አየን። መብራት አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላ በካቻቢቴ ፈታነው። የምጣዱ ገመድ በውስጡ ሦስት ሽቦ አለው። ስፒናው ላይ የታሰሩት ግን ሁለቱ ናቸው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሦስተኛው ሽቦ ተቆርጦ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ እንደ ትርፍ አንጀት ተጥሏል። ሶኬቱም ጋ ከግድግዳ የመጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ተከትለን እስከ ቆጣሪው ሄድን። እዚያም ሁለት። ግቢው ውስጥ መሬት የተቀበረ አንድም ዘንግ የለም።

ነገሩ ከባድ ሳይንስ አይደለም። አንዱ ሽቦ (ፌዙ) ኤሌክትሪኩን ያመጣል፣ ሁለተኛው (ኒውትራሉ) ይመልሳል። ሦስተኛው በደህና ቀን ሥራ የለውም። የምጣዱ የሚግል ሽቦ ከሸክላው ሥር ነው ያለው። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሊጥ ሲፈስበት ወይም ሽቦው ሲላላ ፌዙ የብረቱን ገላ ይነካል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ሽቦ ካለ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ጫማ ካደረጋችሁ መንገዱ ተዘግቶበት ይቀመጣል። ባዶ እግራችሁን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከቆማችሁ ግን መንገዱ እናንተ ናችሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጫማ መንገድ ይዘጋል እንጂ መንገድ አይሰጥም።

«እኛ ቤት ብሬከር አለ» የምትሉ ወገኖች ደግሞ አትቸኩሉ። አንድ 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፕር ገደማ ይስባል። ብሬከሩ ታዲያ በየጋገራችሁ ቁጥር እንዳይወርድ 20 አምፕር ይደረግለታል። የራሰ የሰው ገላ ተቃውሞ 1,000 ኦም ያህል ነው ብንል፣ በሰውየው ውስጥ የሚያልፈው 0.22 አምፕር ነው። ይህ ልብ ለማቆም ከበቂ በላይ ነው፤ 20 አምፕር ለሚጠብቅ ብሬከር ግን ትንኝ ነው፣ አይሰማውም። ብሬከሩ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ እኛ እንዳንሞት አይደለም! ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ነው፤ የሄደውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ እያስተያየ የ0.03 አምፕር (30 ሚሊ አምፕር) ጉድለት ሲያይ ወዲያው የሚያጠፋ፣ «ቲ» የሚል የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው። አርሲዲ ይባላል።

ዘንግ ብቻውንም አይበቃም። የተቀበረው ዘንግ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን በእሱ የሚወርደው 11 አምፕር ብቻ ነው፤ የ20 አምፕሩ ብሬከር አሁንም ዝም ይላል፣ የምጣዱም ገላ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ዘንጉና አርሲዲው አብረው ሲኖሩ ነው ቤት ቤት የሚሆነው።

«ባለሙያ» ጠራን

ስብከቱን ሰምተን ባለሙያ ጠራን። መጣ፣ አየ፣ ሳቀ። «ግራውንድ ለፋብሪካ ነው እኮ፤ ለመኖሪያ ቤት ምን ያደርጋል?» አለን። ስንነዘንዘው ሁለት መፍትሔ አቀረበ። አንደኛው ሦስተኛውን ሽቦ ከውሃ ቱቦ ጋር ማሰር። የግቢያችን ቱቦ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር ማገናኘት። ይህኛው ከምንም ይብሳል። አንድ ቀን ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስ ምጣዱ ምንም ሳይበላሽ ብረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሞላል። አመስግነን ሸኘነው።

«ለፋብሪካ ነው» ያላት ነገር ግን እስካሁን ታቃጥለናለች። አንዷ ጓደኛችን ኮምቦልቻ ትሠራለች። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ትደርሳላችሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ያለባት ከተማ ናት። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ያለ ግራውንድ አይተከልም፣ ማሽኑ ውድ ነዋ! ይቺው ልጅ ቀን ግራውንድ ባለው ማሽን ስትሠራ ውላ፣ ማታ ግራውንድ በሌለው ምጣድ ትጋግራለች። ማሽኑ ከልጅቱ በላይ ተከብሯል ማለት አይደለም ወይ?

የሚነዘረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ወንድሞቻችን አይቀየሙን። ቤቱን የሚሠራው ወንድ ነው። ሽቦውን የሚዘረጋው ወንድ ነው። «ሁለት ሽቦ ይበቃል» ብሎ የሚወስነውም ወንድ ነው። ምጣዱን የሚነካው እጅ ግን የእናት፣ የእህት፣ ወይም ከገጠር በቅርቡ የመጣች የቤት ሠራተኛ ነው። ያቺ ልጅ ስትነዘር «ያልለመደችው ነው» ትባላለች። እኛ መሰላል ላይ ወጥተን ኬብል ስንጎትት በአጥር ያየን ጎረቤት «ሴት ልጅ ከሽቦ ጋር ምን አላት?» ብሎን ነበር። መልሳችን ይኸው፤ ከሽቦው ጋር በቀን ሁለት ጊዜ የምንገናኘው እኛ ነን። የሳሎኑ ሶፋ ቢነዝር ኖሮ በማግስቱ ግራውንድ ይቀበር ነበር።

ደንቡ እኮ ነበረ

ለነገሩ ደንብ አጥተን አይደለም። የሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከተው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ 10ኛ ክፍል የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንዳንዶቻችን ሳንወለድ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ ሙያተኛ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይላል። መብራት ኃይል በ1948 ዓ.ም. ተቋቁሞ ስሙን ስንት ጊዜ ቀይሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ። ደስ ብሎናል፣ ዘፍነናል። ግን ያ ሁሉ ሜጋ ዋት ከጉባ ተነስቶ፣ ተራራ ቆርጦ፣ ደሴ ገብቶ፣ ቆጣሪ አልፎ ማዕድ ቤታችን ሲደርስ የሚጠብቀው አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የሚያወራው ስለ ሴራሚኩ ነው።

እና ምን እናድርግ?

«ሁሉንም ራሳችሁ ሥሩት» አንልም። እንዲያ ብንል ነገ የአንዳችሁ እናት ታለቅሳለች። የምንለው ይህ ነው፤ ሁሉንም እወቁ፣ የተቻለውን ሥሩ፣ የቀረውን ጠይቁ።

የኢንተርኔት ገመዳችሁን ራሳችሁ ዘርጉ፤ ከመብራት ሽቦ አርቃችሁ። የምጣድ ስፒናችሁ ላይ ሦስተኛው ሽቦ መታሰሩን እዩ። ምጣድ በማከፋፈያ አትሰኩ። ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ፤ ሻጩ የሚሰጣችሁ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሆን ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቆጣሪና ዋናው ሳጥን ውስጥ ግን እጃችሁን አትክተቱ። እዚያ የብቃት ወረቀት ያለው ሰው ይግባ፣ እናንተ ቆማችሁ ጠይቁት።

ደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት። በወር አንድ ቅዳሜ ለእናቶችና ለቤት ሠራተኞች በሩን ከፍቶ የሦስተኛውን ሽቦ ጉዳይ ማሳየት ምን ይከብዳል? ማዘጋጃ ቤቱስ የመኖሪያ ቤት ፕላን ሲያጸድቅ፣ አገልግሎቱስ አዲስ ቆጣሪ ሲያስገባ «ግራውንዱን አሳዩን» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

የእኛን ነገር እንጨርስ። ወጪውን ለሁለት እንካፈል ስንላቸው አከራያችን ተስማሙ። የብቃት ወረቀት ያለው ባለሙያ ፈልገን አገኘን። ዘንጉን የልብስ እጣቢ የሚፈስበት ጥግ ቀበረው፣ እርጥብ መሬት ለግራውንድ ጥሩ ነውና። ሦስተኛውን ሽቦ እስከ ምጣዱ አመጣው፣ አርሲዲውንም ገጠመ። የመሞከሪያ ቁልፉን እንዲጫኑ አከራያችንን ጠራናቸው። ተጫኑት፤ ቀጭ ብሎ ቤቱ ጨለመ። «ውይ! እንዲህ ነው እንዴ የሚያድነው?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ ጠየቁን። «ታዲያ ያቺን ነጠላ ጫማ ልጣላት?»

«አይጣሏት» አልናቸው። «ወለሉ ይበርዳል።»

ወዳጆቻችን፣ ቤት ልትከራዩ ስትገቡ ስለ ውሃው ትጠይቃላችሁ፣ ስለ ዋይፋዩ ትጠይቃላችሁ፣ በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ትጠይቃላችሁ። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ግራውንዱ የት ነው የተቀበረው?» መልሱ ጫማ ከሆነ ሌላ ቤት እዩ። ሌላ ቤት ከሌለ እንደኛ ተሟገቱ።