የሚሳቅበት ግስ



በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ አንድ ወንድማችን በክፍል ውስጥ ተነሥቶ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

እንግዲህ ሳቂዎቹን ልጠይቅ። «ትናንት አይቼዋለሁ» ቢል ኖሮ ማን ይሥቅበት ነበር? «አይቼዋለሁ» በሚለው ቃል ውስጥ «አለ» የሚባል ረዳት ግስ ተሸሽጓል። ልጁ የአማርኛውን ረዳት በእንግሊዝኛው ረዳት በ«ሃቭ» ተካው። ይህ የማሰብ እንጂ የድንቁርና ሥራ አይደለም። ልዩነቱ የአማርኛው የቅርብ ኀላፊ ከ«ትናንት» ጋር ሲስማማ፣ «ሃቭ» ግን ያለፈውን ከአሁኑ ጋር የሚያያይዝ ስለ ሆነ ያለፈና ያበቃ ቀን ሲጠራበት አይቀበልም። «ትናንት» ከተባለ «ሶው» ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ለሳቁም የዚያኑ ያህል ጊዜ ጠፍቷል።

«ሂ ዲድንት ዌንት» የሚለውም እንዲሁ ነው። አማርኛ «ሄደ» ያለውን «አልሄደም» ሲለው አሉታው ግሱን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል እንጂ ኀላፊነቱን አይነጥቀውም። እንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ያሸክማል፤ «ዲድ» ከተሸከመው ግሱ ባዶውን ይሄዳል፤ «ዲድንት ጎ»። ደግሞ «እሄዳለሁ» ለዘወትርም ለነገም ያገለግለናል፤ እንግሊዝኛ «ጎ»ን ከ«ዊል ጎ» ይለያል። ከጓደኞቻችን መካከል ተነሥተን ስንወጣ «መጣሁ» የምንል ሰዎች፣ ጊዜ በቋንቋ ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን ማወቅ እንዴት ያቅተናል?

«በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ አይነገር» የሚሉ መምህራን አሉ። ልምምድ እንዳይጎድል ማሰባቸው መልካም ነው። ነገር ግን አማርኛው ከአፍ ቢከለከል ከአእምሮ አይወጣም፤ ተደብቆ ስሕተቱን ይሠራል። አውጥቶ ከእንግሊዝኛው ጎን በሰሌዳ ላይ ማቆም ይሻላል። ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ አፉን የፈታውም በራሱ ቋንቋ ያነጻጽር።

«ሐሳቡ ከገባ ሰዋስው ምን ያደርጋል» ለሚሉ ጓደኞቼም አላዝንላቸውም። በውል ላይ «ሜይ» ይፈቅዳል፤ «ሻል» ያስገድዳል። በሕመምተኛ ካርድ ላይ «ቱክ» ከሆነ መድኃኒቱን ወስዷል፤ «ኢዝ ቴኪንግ» ከሆነ ገና እየወሰደ ነው። አንዲት ረዳት ግስ ዕዳ ታመጣለች፤ ጤናም ታቃውሳለች።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። ስለዚህ ዝም የተሰኘው ተማሪ ያጣው እንግሊዝኛን ብቻ አይደለም፤ ፊዚክሱንም፣ ሕጉንም የሚጠይቅበትን አፍ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ሁለቱን ግሶች ጎን ለጎን አስተምሩን። እኛም ሳቁን እንተው፤ ስሕተቱን ግን አንተወው። ያ ወንድማችን እጁን ደግሞ ያንሣ፤ ቢሳሳትም «ሶው» ብለን እናቀናው፤ ጥያቄውንም እንስማ።