የአባባ ድምፅ ሌላ የት አለ?

ዛሬ የማነሳው ስለ ክትባት ወይም ስለ ደም ግፊት ሳይሆን ስለ ቤተሰብ ፎቶና ድምፅ ነው። ድሮ አልበሙ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አሁን የልጆች ክርስትና፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ያረፉ ወላጆቻችን ድምፅ ሳይቀር ያለው ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያኖር ትንሽ ሰርቨር ለቤት መግዛት ይቻላል። ልጆቻችሁ ሲመርጡ «ሬይድ 1» የሚል ቃል ትሰሙ ይሆናል። ሁለት ሃርድ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ጊዜ ይይዛሉ ማለት ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ብትገዙ የምትጠቀሙበት ቦታ 4 ቴራባይት ብቻ ነው። አንዱ ቢበላሽ ግን ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ልክ እንደ ሁለቱ ኩላሊቶቻችን።

ነገር ግን መርዝ የጠጣ ሰው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ይጎዳሉ። የልጅ ልጃችሁ ፎቶ በስህተት ቢሰርዝ ከሁለቱም ዲስኮች ወዲያው ይጠፋል። ሌባ ወይም እሳት ቢመጣም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሕጉ 3፣ 2፣ 1 ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ፤ ለምሳሌ እህት ቤት።

ስትገዙ እነዚህን ያዙ፦

• ቀን ከሌት እንዲሠራ፣ ለሰርቨር ተብሎ የተሠራ ዲስክ ምረጡ።

• ሁለቱን ከአንድ ካርቶን አትውሰዱ፤ አብረው የተመረቱ አብረው ሊበላሹ ይችላሉ።

• ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ይመዘግባል። ሻጩ «አዲስ ነው» ካለ ቁጥሩን ያሳያችሁ።

• መብራት ድንገት ሲጠፋ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ዩፒኤስ ጨምሩ።

• አንዱ ዲስክ ከተበላሸ ቶሎ ቀይሩት፤ እስኪተካ ድረስ ያላችሁ አንድ ብቻ ነው።

በጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ሙቀት በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይመዘገባል፤ ፍሪጁ ስለበራ ብቻ ክትባቱ ደህና ነው አይባልም። ቅጂም እንዲሁ ነው። በየሦስት ወሩ ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ ከቅጂው አውጡና መከፈታቸውን እዩ።

እሑድ ልጆቻችሁ ለቡና ሲሰበሰቡ አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ይህ ዕቃ ዛሬ ማታ ቢሰረቅ፣ የአባባ ድምፅ ሌላ የት አለ?» ቦታውን ወዲያው ካልነገሯችሁ፣ ሦስተኛው ቅጂ ገና አልተሠራም ማለት ነው።